ሁለቱም የጠፉት በአንድ ቀን አልነበረም

የኋላ ማርሽ መብራቶቹ የጠፉበት መኪና የእኔው ነው፤ ማርሹ በእጅ የሚቀየር፣ ዕድሜው ከአሥር ዓመት ያለፈ የቤት መኪና። አንድ ምሽት በኋላ ማርሽ ወደ ግቢ እየገባሁ ሳለ የጎረቤቴ ልጅ ከኋላ ቆሞ በእጁ ይመራኝ ነበር። በመካከሉ የመኪናውን ጀርባ በመዳፉ መታ መታ አደረገና ወደ መስኮቴ መጣ።

«ጋሼ፣ የኋላ ማርሽ መብራትዎ አይሠራም። ወደኋላ እየመጡ መሆንዎን የማውቀው በሞተሩ ድምፅ ነው።»

«የቱ ነው የማይሠራው? የግራው ነው የቀኙ?»

«ሁለቱም ናቸው።»

ይህች «ሁለቱም» የምትል ቃል ሁለት ቀን ሙሉ አንከራተተችኝ። ልጁ ያየውን ነው የተናገረው፤ የሌለ ነገር የጨመርኩበት እኔ ነኝ። እሱ «ሁለቱም አይሠሩም» አለ፤ እኔ ደግሞ «ሁለቱም አብረው ጠፉ» ብዬ ሰማሁ።

የተሳሳተው መነሻ

የኋላ ማርሽ መብራት መስመር አጭር ነው። ኤሌክትሪኩ ከባትሪው ተነሥቶ በመኪናው ቁልፍ በኩል ወደ ፊውዝ ያልፋል፤ ከፊውዙም ካምቢዮው (የማርሽ ሣጥኑ) ላይ ወደተገጠመች አንዲት ትንሽ ማብሪያ ይሄዳል። ማርሹ ወደኋላ ሲገባ በካምቢዮው ውስጥ ያለው ዘንግ የማብሪያዋን ጫፍ ይገፋና መስመሩ ይገናኛል። ከዚያ ሽቦው ወደ መኪናው ጀርባ ተጉዞ ለግራና ለቀኝ አምፖል ለሁለት ይከፈላል። መመለሻው ኔጋቲቩ ነው፤ በመኪናው የብረት አካል በኩል ወደ ባትሪው ይዞራል። ማርሹ በራሱ የሚቀያየር መኪና ላይ የዚህችን ማብሪያ ሥራ የማርሹን ቦታ የሚከታተል ሌላ መሣሪያ ይሠራዋል፤ በአዳዲሶቹ ላይ ደግሞ ኮምፒውተር በመካከል ይገባል።

ከዚህ መስመር የሚወጣው ደንብ ሁሉም መካኒክ የሚያውቀው ነው። አንዱ ብቻ ከጠፋ አምፖሉን ወይም የአምፖሉን መያዣ ትጠረጥራለህ፤ ሁለቱም ከጠፉ ሽቦው ለሁለት ከመከፈሉ በፊት ያለውን የጋራ መንገድ ትጠረጥራለህ። እኔም ይህንኑ ለሌሎች ስናገር የኖርኩ ሰው ነኝ። ሁለት አምፖል በአንድ ጀምበር አይቃጠልም ብዬ አምፖሎቹን ሳልከፍት ወደዚያ የጋራ መንገድ ሄድኩ።

ፊውዙ አላስቸገረኝም። በእኔ መኪና የፊውዝ ሣጥን ክዳን ላይ በተሣለው መሠረት የኋላ ማርሽ መብራቱ ከፍሬቻዎቹ ጋር በአንድ ባለ 10 አምፔር ፊውዝ ተዳብሏል። ፍሬቻዎቹ ስለሚሠሩ የፊውዙ ጤንነት ሳይነቀል ታወቀ። በሌላ መኪና ድልድሉ ሌላ ሊሆን ስለሚችል የእያንዳንዱን መኪና ክዳን ወይም መመሪያ ማየት ግድ ነው። እኔ ዘንድ ግን የቀረችው የካምቢዮዋ ማብሪያ ብቻ ነበረች፤ ጥፋተኛዋ እሷ ናት ብዬ ፈረድኩባት።

በማግስቱ ጠዋት መኪናውን በክሪክ አነሣሁና በብረት ድጋፎች ላይ አሳረፍኩት። በክሪክ ብቻ በተንጠለጠለ መኪና ሥር ለደቂቃም ቢሆን አይገባም። ማብሪያዋ በካምቢዮው ጎን እንደ ቡሎን ጠብቃ የገባች ናት። ስፈታት የካምቢዮ ዘይት በክንዴ ላይ ተንቆርቁሮ ብብቴ ድረስ ወረደ። ጠርጌ ሳያት ጫፏ ላይ አተር የምታክል የብረት ኳስ አላት። የመልቲሜትሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ሁለት ጫፎች በሁለቱ እግሮቿ ላይ አድርጌ ኳሷን በአውራ ጣቴ ስጫን መሣሪያው ጮኸ፤ መስመሩ ተገናኝቷል ማለት ነው፤ ስለቃት ዝም አለ። ደግሜ ተጫንኩ፤ ደግሞ ጮኸ። ምንም ያልጎደላትን ማብሪያ በዘይት በተለወሰ እጄ ይዤ እዚያው መሬት ላይ ጥቂት ተቀመጥኩ።

ዘይቱም ልፋቱም ሳያስፈልግ የማብሪያዋን ነገር በአምስት ደቂቃ የሚያሳውቅ መንገድ ነበር። የማብሪያዋን የሽቦ መሰኪያ ነቅሎ በመሰኪያው ውስጥ ያሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ ማገናኘት ነው። ቁልፉ ተከፍቶ፣ ሞተሩ ሳይነሣ ይህ ሲደረግ መብራቶቹ ከበሩ ማብሪያዋ ተበላሽታለች፤ ካልበሩ ጥፋቱ ሌላ ቦታ አለ። ይህ ባለ ሁለት ሽቦ ማብሪያ ላለው አሮጌ መኪና የሚሆን ነው እንጂ ኮምፒውተር ጣልቃ በሚገባበት መኪና ላይ ሽቦ በግምት አይገናኝም። እኔ ይህን ያደረግሁት ማብሪያዋን በአዲስ የመዳብ ቀለበት መልሼ ካጠበቅሁ በኋላ ነው። ሁለቱም አልበሩም። እንግዲህ ፊውዙ ደህና ነው፤ ማብሪያዋም ደህና ናት፤ ቀሪው ሽቦውና መጀመሪያውኑ ልከፍታቸው ይገባኝ የነበሩት አምፖሎች ናቸው።

የግራው

ጎማዎቹን በድንጋይ ደግፌ፣ የእጅ ፍሬኑን ይዤ፣ ቁልፉን ከፍቼ፣ ማርሹን ወደኋላ አስገብቼ ትቼው ወደ ጀርባ ዞርኩ። ሞተሩ አልተነሣም። ይህ አቀማመጥ በእጅ ማርሽ መኪና ብቻን ለመሥራት ይመቻል፤ በራሱ በሚቀያየረው ግን ፍሬን የሚረግጥ ሰው ውስጥ ቢቀመጥ ይሻላል።

በእኔ መኪና የኋላ መብራቶች አምፖሎች በአንድ የፕላስቲክ ሰሌዳ ላይ ተደርድረዋል፤ ከላይ የፍሬኑ፣ ቀጥሎ የማታው፣ ከዚያ ፍሬቻው፣ ከታች የኋላ ማርሹ። የዕቃ ክፍሉን የጎን ምንጣፍ ገልጬ፣ ሰሌዳውን የያዙትን ሁለት የፕላስቲክ ጥርሶች ጫን ብዬ ስስበው አራቱም አብረው ወጡ። የታችኛውን አምፖል ወደ ውስጥ ገፋ አድርጌ ወደ ግራ ሳዞረው ተለቀቀ።

ይህኛው ሳይለካ የሚታወቅ ነበር። ብርጭቆው ከውስጥ ጥቀርሻ የነካው ይመስላል፤ ወደ ብርሃን ስይዘው ክሩ መሃል ላይ ተበጥሷል፤ በጣቴ ሳንኳኳው አንደኛው ጫፍ እንደ ፀጉር ይርገበገባል። ጥቁረቱ ክሩ የተሠራበት ተንግስተን ለዓመታት ሲተን ብርጭቆው ላይ የጋገረው ነው። ብርጭቆው ጠቁሮ ሳይሆን እንደ ወተት ነጥቶ ቢሆን ኖሮ አምፖሉ ተሰንጥቆ አየር ገብቶበታል ማለት ነበር። የእኔው በዕድሜ የሞተ ነው።

ታዲያ አንዱ አምፖል ከተቃጠለ ሁለተኛውም ተቃጥሏል ብዬ፣ ትናንት የካድኩትን ዛሬ አምኜ፣ ወደ ቀኙ ተሻገርኩ።

የቀኙ

የቀኙ አምፖል ምንም አልሆነም። ብርጭቆው ጥርት ያለ፣ ክሩ ሙሉ፣ መልቲሜትሩ ላይ 0.8 ኦም (ኦም የኤሌክትሪክ እግታ መለኪያ ነው) ያነበበ ደህና አምፖል ነው። በነገራችን ላይ ይህ ቁጥር ሒሳብ የሚወዱ ሰዎችን ያስደነግጣል። በ12 ቮልት 21 ዋት የሚበላ አምፖል 7 ኦም ገደማ ሊኖረው ይገባል፤ 12 በ12 ተባዝቶ ለ21 ሲካፈል ማለት ነው። ነገር ግን 7 የሚሆነው ክሩ ግሎ ሲያበራ ነው፤ ቀዝቃዛ ክር ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው የሚያነበው።

የአምፖሉን ባዶ መያዣ ለካሁ፤ 12.2 ቮልት። ኤሌክትሪክ ደርሷል። ደህና አምፖል አለ፤ ኤሌክትሪክ አለ፤ ሁለቱን አገናኘሁ፤ ጨለማ። አምፖሉን አወጣሁ፤ 12.2። መለስኩት፤ ጨለማ። አዲስ አምፖል ከካርቶኑ አውጥቼ ከተትኩ፤ ያው ጨለማ። እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ መልቲሜትሩን ተጠራጠርኩ፤ ባትሪው ላይ ወስጄ ለካሁበት፤ መልቲሜትሩ ደህና ነው።

ይህ ቦታ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ ቀስ ብዬ ልለፈው። መልቲሜትር ቮልት ሲለካ ከመስመሩ የሚወስደው የኤሌክትሪክ መጠን ከምንም አይቆጠርም፤ የተለመዱት ዲጂታል መልቲሜትሮች ውስጣዊ እግታቸው 10 ሚሊዮን ኦም ገደማ ነው። በመንገዱ ላይ 100 ኦም ያህል የሚያግት ዝገት ቢኖር ለእሱ እንደሌለ ነው፤ ሙሉውን ቮልት ያነባል። አምፖሉ ግን 1.75 አምፔር ይፈልጋል፤ 21 ለ12 ሲካፈል ይኸው ነው። በዚያ ዝገት ውስጥ የሚያልፈው የዚያ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። የተደፈነ ቧንቧን አፍ በጣት ይዞ ግፊቱን እንደመገመት ነው፤ ጣቱ ሲነሣ የሚወርደው ጠብታ ነው። ስለዚህ የባዶ መያዣ ንባብ ጠቃሚ የሚሆነው ዜሮ ሲያሳይ ብቻ ነው። 12 ሲያሳይ ገና ምንም አልተናገረም።

እውነተኛው ልኬት አምፖሉ ተሰክቶ፣ ማብራት ሲገባው ሳያበራ የሚደረገው ነው። አምፖሉን በቦታው ትቼ የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ በስተጀርባ የፖዘቲቩ ምላስ ላይ፣ ሌላውን የአምፖሉ ናስ ቀፎ ላይ አደረግሁ፤ 0.1 ቮልት። ከዚያ አንዱን ጫፍ ናስ ቀፎው ላይ ትቼ ሌላውን የመኪናው አካል ላይ ባለ፣ ቀለም ባልነካው ቡሎን ላይ አሳረፍኩ፤ 12.1 ቮልት። ሁለቱ ሲደመሩ 12.2 ናቸው። ቮልቱ ሁሉ የሚጠፋው ከአምፖሉ በኋላ፣ በመመለሻው መንገድ ላይ ነው። ደህና ኔጋቲቭ ላይ የሚነበበው ከ0.2 ቮልት በታች መሆን ነበረበት።

ሰሌዳውን ገለበጥኩት። አንድ ቀጭን የብረት ቅጠል ከላይ ወደ ታች ወርዶ ለአራቱም አምፖሎች በጋራ ኔጋቲቭ ያድላል። እስከ ሦስተኛው ድረስ ያብረቀርቃል። ከሦስተኛውና ከአራተኛው መካከል ግን አረንጓዴና ነጭ ዱቄት ለብሷል፤ በካቻቢቴ ጫፍ ነካ ሳደርገው ቅርፊቱ ረገፈና ከሥሩ እንደ ወረቀት የሳሳ፣ ፀጉር በምታህል ስንጥቅ የተከፈለ ብረት ታየ። ከላይ ያለው የጎማ ማሸጊያ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ በፕላስቲኩ ላይ የዝናብ ውሃ የወረደበት መስመር እንደ ደረቀ እንባ ተሥሏል። ውሃ ወደ ታች ነው የሚሄደው፤ ታች ያለው ደግሞ የኋላ ማርሹ አምፖል ነው። የፍሬኑም፣ የማታውም፣ የፍሬቻውም መብራት በሥርዓት እየሠራ እሱ ብቻ የጠፋው ለዚህ ነው። ዝገቱ ወደ ላይ ከፍ ብሎ ቢሆን ኖሮ ሌላ ምልክት እናይ ነበር፤ የጋራ ኔጋቲቭ ሲበላሽ ኤሌክትሪኩ በሌሎቹ አምፖሎች በኩል መመለሻ ይፈልግና ፍሬቻው ሲበራ የማታው መብራት አብሮ ብልጭ ድርግም ይላል።

መቼ ጠፉ?

ሁለት የተለያዩ ጥፋቶች በአንድ ምሽት ተገኙ ማለት ነው፤ ይህ ነገር አልዋጥልህ አለኝ። መልሱን ያመጣው ያው የጎረቤቴ ልጅ ነው። ሰሌዳውን ይዤ ስተክዝ አይቶ ቀረበና ነገሩን ከሰማ በኋላ ስልኩን አወጣ።

«ጋሼ፣ ያን ጊዜ እህቴን የቀረጽኩበት ቪዲዮ አለ፤ ከጀርባዋ መኪናዎ ሲገባ ይታያል።»

ፈልጎ አገኘው። ከአራት ወር በፊት የተቀረጸ ቪዲዮ ነው። የእህቱ ትከሻ ጥግ ላይ፣ በጨለማው ውስጥ መኪናዬ ወደኋላ ይመጣል፤ ነጭ መብራት አንድ ብቻ ነው። የቀኙ።

የግራው አምፖል ከሞተ ቢያንስ አራት ወር ሆኖታል። ያን ሁሉ ጊዜ የቀኙ ብቻውን ሲያገለግል ኖሮ ዝገቱ ሲጨርሰው ሁለቱም የጠፉ መሰለኝ። «ሁለት አምፖል በአንድ ቀን አይቃጠልም» ያልኩት ትክክል ነው፤ በአንድ ቀን አልጠፉማ! የፊት መብራት ሲጠፋ መንገዱ ላይ ይታያል፤ የፍሬን መብራት ሲጠፋ ከኋላ ያለው ሾፌር ይነግርሃል። የኋላ ማርሽ መብራት ግን ለአፍታ በርቶ የሚጠፋ፣ ሾፌሩ ጀርባውን የሰጠው መብራት ነው፤ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይሸፍንለታል። ስለጠፋው መብራት የሚነግር መሣሪያ በሌለው መኪና ላይ ጥፋቱ የሚታወቀው የመጨረሻው ሲጠፋ ነው። አሁን ወር በገባ ቁጥር አንድ ማታ የመኪናውን ጀርባ ወደ ግድግዳ አዙሬ አንድ እርምጃ ያህል ርቄ ቆሜ ማርሹን ወደኋላ አስገባና በመስታወት ግድግዳውን አያለሁ፤ ሁለት ነጭ ክቦች መታየት አለባቸው።

ይህ ግን ሁለት መብራት ላለው መኪና ነው። በተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 48 መሠረት ለትንንሽ መኪናዎች ግዴታው አንድ የኋላ ማርሽ መብራት ነው፤ ሁለተኛው የአምራቹ ምርጫ ነው። አንዳንድ መኪናዎች በአንድ ጎን ነጩን፣ በሌላው ጎን ቀዩን የጉም መብራት ይዘው የሚመጡት ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ መኪና ላይ «የግራው ጠፋ» ብሎ መያዣ የሌለበትን ቦታ የበረበረ ሰው አውቃለሁ።

ጥገናው

የግራው በአምፖል አለቀ። የመኪናዬ አምፖል ፒ21ደብልዩ የሚባለው ነው፤ አንድ ክር፣ 12 ቮልት፣ 21 ዋት፣ ከናስ ቀፎው ግራና ቀኝ በትክክል ፊት ለፊት የቆሙ ሁለት ጉጦች። መጀመሪያ የተሰጠኝ ሌላ ነበር። ቁመቱም ውፍረቱም አንድ ዓይነት ስለሆነ ሳላይ ተቀብዬ መያዣው ውስጥ ስከተው አልዞር አለ። ሳወጣው ከሁለቱ ጉጦች አንዱ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ብሏል፤ ውስጡም ሁለት ክር ነው፤ የፍሬንና የማታ መብራትን በአንድ የሚይዘው አምፖል ነው። ብርቱካንማው የፍሬቻ አምፖል ደግሞ ጉጦቹ በአንድ ከፍታ ላይ ቢሆኑም ፊት ለፊት አይተያዩም። እነዚህ ጉጦች እንዲህ የተለያዩት አንዱ በሌላው ቦታ እንዳይገባ ነው፤ በጉልበት ካስገባኸው መያዣውን ሰብረህ ነው። አምፖሉ አልዞር ካለህ እጅህን ሳይሆን አምፖሉን መርምር። ሌሎች መኪናዎች ቀፎ የሌለው፣ እግሩ ብርጭቆ የሆነውን ዓይነት ይጠቀማሉ፤ እሱ አይዞርም፤ ቀጥ ብሎ ተስቦ ይወጣል።

የቀኙ ጊዜ ወሰደ። በብርጭቆ ወረቀት ብረቱን ጠርጌ ብቻ ብተወው ለዚያ ቀን ይበራ ነበር፤ ግን የተሰነጠቀ ብረት መልሶ አይገጥምም። የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈታሁና ከአራተኛው አምፖል መያዣ ቀፎ እስከ ሰሌዳው ዋና የኔጋቲቭ መውጫ ድረስ አጭር ሽቦ ዘረጋሁ፤ ሁለቱንም ጫፎች አጽድቼ በቆርቆሮ በየድኩና ሽቦውን በናስትሮ ከሰሌዳው ጋር አሠርኩት። የደረቀውን የጎማ ማሸጊያ በአዲስ ቀየርኩ። ከመብራቱ ሥር የነበረችው የውሃ መውጫ ቀዳዳ በአቧራ ተደፍና ስላገኘኋት በቀጭን ሽቦ ከፈትኳት። ሰሌዳውን ሙሉ በሙሉ መቀየር ከዚህ የጸዳ ሥራ ነው፤ የተሰነጠቀው ከአንድ ቦታ በላይ ቢሆን ኖሮ አላመነታም ነበር።

በኤልኢዲ ለምን አትቀይረውም ያለኝ ሰው አለ። ለቀኙ ጉዳይ ከዚህ የባሰ ምክር አልነበረም። ኤልኢዲ የሚፈልገው ኤሌክትሪክ ጥቂት ስለሆነ በዛገው መንገድም ቢሆን ፈዘዝ ብሎ ይበራ ነበር፤ እኔም ተጠገነ ብዬ እዘጋው፣ ዝገቱም ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ ወደ ፍሬቻው ይወጣ ነበር። መጀመሪያ መንገዱ ይስተካከል፤ ከዚያ በኋላ የሚገባው አምፖል ዓይነት የምርጫና የሕግ ጉዳይ ነው። አምፖልን በሚቆጣጠሩ መኪናዎች ላይም ኤልኢዲ ሲገባ ፍጆታው ስለሚያንስ «አምፖል ተቃጥሏል» የሚል የሐሰት ምልክት ሊመጣ ይችላል።

ባትሪውን መልሼ፣ ሁለቱም እየበሩ ለካሁ። በቀኙ አምፖል ሁለት ጫፎች መካከል 11.7 ቮልት፤ በናስ ቀፎውና በመኪናው አካል መካከል 0.1። ከአንድ የዝናብ ወቅት በኋላ ደግሜ ከፍቼ ስለካው ኔጋቲቩ ያው 0.1 ነበር፤ ሰሌዳውም ደረቅ ነው።

ያን ምሽት ጥገናው እንዳለቀ ልጁን ከኋላ አቁሜ ማርሹን ወደኋላ አስገባሁ።

«እሺ፣ አሁንስ?» አልኩት አንገቴን በመስኮት አውጥቼ።

ክንዱን በዓይኑ ላይ ጋርዶ ቆሟል። «ጋሼ፣ ይብቃዎት ያጥፉት! ዓይኔን ወጋኝ!»